ጨው አንሶታል

ሚስቴ ጁዪ ዛሬ የሌሊት ገብታለች፤
«እናትህን አብላ» ብላ ጽፋልኛለች፤
ወረቀቱ እንዳይበር አንዲት ቲማቲም ጭናበታለች።

ዝናቡ ቺንሱራን ሲቀጠቅጥ ዋለ፤
ሁግሊ ከደረጃው ሁለት እርከን ወጣ፣ ገናም እያየለ፤
ገበያ አልወጣሁም።
ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጣሳ ምስር፣
ቀይ ክክ፣ ሲዘግኑት እንደ ዶቃ የሚንኮሻኮሽ ከጣት ሥር።

ዘገንኩ። አጠብኩት። ደፈረሰ። ደግሜ አጠብኩት፤
አራተኛው ውሃ ላይ ጥፍሮቼን አየሁበት።

እናቴ ኒሩፖማ ከበረንዳው ወንበር፣
ነጭ ሳሪዋን ሰብስባ፣ ዓይኗ ዝናቡ ላይ፣ ጆሮዋ ግን ከእኔ ጋር፤
«ውሃው በዝቷል» አለች፣ ሳታይ፣ ቧንቧውን ሰምታ፤
«ምስር ነው የምትቀቅለው ወይስ ሁግሊን፣ በዚህ ማታ?»

እርድ ጣል አደረግሁ፣ የማንኪያ ጫፍ ያህል፤
ቲማቲሟን ቆራረጥኩ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ሳላስተካክል፤
አረፋውን ገፈፍኩ።
አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምስር ሲፈላ ቆሜ
አይቼ አላውቅም ነበር፣ በልቼ እንጂ፣ ደጋግሜ።
ቀይ ሆኖ የገባው፣ ማንም ሳይነካው፣
ቢጫ ሆኖ ቆየኝ፤ ቀለሙን ምን ወሰደው?

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር
አባቴን ከጁት ፋብሪካው በቃሬዛ ሲያመጡት።
አክስቶቼ አምባሯን ድንጋይ ላይ ሰበሩት፤
ከጸጉሯ ስንጥቅ ላይ ቀዩን ቀለም አጠቡት፤
ከዚያ ወደ ሳህኗ ዞሩ፦
ዓሣ ቀረ፤ ሽንኩርት ቀረ፤ ነጭ ሽንኩርት፤
ቀይ ምስርም፣ «ደም ያሞቃል» ብለው፣ አይሆንም ለመበለት።

የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት።
ደሟ እንዳይሞቅ።

ድስቱን ግን ለእኛ ጣደች፣ በየዕለቱ፣ ሳታጓድል፤
አትቀምስም። በጭልፋ ጫፍ ወደ እኔ ታቀብል፦
«ጨው እንዴት ነው፣ ሹቢር?»
እኔም ኳሴ ደጅ ላይ፣ ልቤም ከኳሴ ጋር፣
«ደህና ነው» እላለሁ።
ባሕር ቢሆን፣ ባዶም ቢሆን፣ «ደህና ነው»።
እሷ ከማዶው ጥግ፣ ነጭ ሩዝ ከተቀቀለ ድንች ጋር፣
ጀርባዋን ሰጥታን ትበላ ነበር።

ያዘዙት ሁሉ ሞተዋል። ጁዪም ስንቴ ለመነቻት፤
«ለምጄዋለሁ» ትላለች። ድንቿ ዛሬም
ከምድጃው ጎን አለችላት።

ዘይቱ ጋለ፣ የሰናፍጭ ዘይት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፤
ከጁዪ ብልቃጥ አምስቱን ፍሬ ልገለብጥ፦
አብሽ፣ ከሙን፣ እንስላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሰናፍጭ፤
መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ሰናፍጩ ተንጣጣ፤
ደረቁ በርበሬ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ሳል መጣ፤
«አብሹ ይመራል፣ ድፋው! ቶሎ!» የሚል ድምፅ ከጎኔ ወጣ።
ከጎኔ።
ከወንበሯ መቼ ተነሣች?

ድስቱ ውስጥ ደፋሁት፤ ቿ! አለ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም።
ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስዳብስ፣ ሻማውስ አለ፣ ክብሪት የለም።
«ሹቢር፣ ቀለሙ ምንድን ነው?»
«ጨለማ ነው፣ እማ። አይታይም።»

ማንኪያ ሰማሁ፣ ከድስቱ ከንፈር ሲላተም፤
ስታበርደው፣ እፍ፣ እፍ፤
ከዚያ ዝናቡን ብቻ፣ ረጅም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት።
ታለቅስ እንደሁ ብዬ ጆሮዬን ተከልኩ።

«ጨው አንሶታል» አለች።

በዳበሳ ቆንጥሬ ጨመርኩ።
ቀመሰች።
«ትንሽ ይቀረዋል።»
ጨመርኩ።
ደግማ ቀመሰች። ደግሞም።
እጄን ዘርግቼ ማንኪያውን ብጠብቅ፣
አልመለሰችልኝም።