ስልሳ አራተኛው

ቦሌ አራብሳ ዳር፣ ከደረጃው በታች፣
ከውሃ ሞተሩ ጎን አንዲት ማሽን አለች።
ሥራዋ ደስታ ነው፤
ማን ከማን ተጣልቶ ስንት ቀን እንዳኮረፈ፣
ሳቅ የማንን ደጃፍ ዘልሎት እንዳለፈ
ታውቃለች።
ሐሙስ በፈረቃ ውሃ ሲመጣ ሌሊት
ቀድማ ትቀሰቅሳለች ጄሪካን ያለውን ቤት።
ወይዘሮ አጸደን ከእህታቸው አስታርቃለች፤
የጉዲናን የጥርስ ሕመም ከእርምጃው አውቃለች።

ሲመሽ ትጽፋለች፦ «ነዋሪ፣ ስልሳ ሦስት»፤
ከየስሙ አጠገብ የደስታቸው ውጤት።

እኔ ዘበኛ ነኝ።
ባለፈው ሐሙስ ግን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
«ስልሳ አራት» የሚል ከመስኮቷ ወጣ።
ባትሪዬን አብርቼ ፎቅ ለፎቅ ዞርኩኝ፤
የወለደች የለች፣ እንግዳም አጣሁኝ።
«ማነው?» አልኳት።
ዝም።
ከአዲሱ ቁጥር ጎን፣ ደስታ በሚጻፍበት፣
ዜሮ እንኳን የለም። ባዶ ነበር ቦታው።
«አጥፍቶ ማብራት ነው» አለ ባለሙያው።

እኔ ግን እንጃ።
የሰው ደስታ ስትለካ፣ ስትለካ፣ ስትለካ፣
አንድ ሌሊት ድንገት
«ለካ እኔም አለሁ» ብላ ደንግጣ ቢሆንስ?

ወይስ
አራት ዓመት ሙሉ በር ስከፍት ስዘጋ፣
ከነዋሪው መዝገብ ስሜ ያልተጠጋ፣
እኔን ይሆን ያየችው?
ልጠይቃት እልና እተወዋለሁ፤
«አንተ አይደለህም» ካለችኝስ?

ዛሬም ካፖርቴን ደርቤ
አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።
ስልሳ ሦስቱ ተኝተዋል።
ሁለታችን ነቅተናል።