ሦስተኛው ገንዳ

ስሜ ሮብሌ ነው። አይሻ ላይ፣ ዝናብ የጣለ ሌሊት ተወለድኩ።
ሠላሳ ዓመት በፉርጎ ጨው ጭኜ ከጅቡቲ፣
አሁን ሽርጤን ታጥቄ፣ ድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲ
ሸርጣን እጠብቃለሁ።
አትሳቁ። ደሞዝ አለው።

በበረዶ ሣጥን ናቸው፣ በደወሌ በኩል የመጡ፣
ከሃያው ስድስቱ ሞተው በነፍስ አሥራ አራት የወጡ።
ተማሪዋ ምንታምር ትባላለች።
"እርስዎ" ስትለኝ፣ "አቦ፣ ድሬ ላይ ሁሉም አንተ ነው" አልኳት፤ ሳቀች።
ከዚያ ሥራውን አስተማረች፦
"በየገንዳው ጨው አለ፣ በሊትር በሊትር ተመዝኖ፤
አንዱ አሥር፣ አንዱ ሃያ፣ ሦስተኛው እንደ ባሕሩ ሆኖ፣
አራተኛው ከባሕር አልፎ።
ሙቀቱ ውሃውን ይወስዳል፤ ጨው ግን ይቀራል ተርፎ።
የጎደለውን ሙላ፣ በተጣራው፣ እስከ ቀዩ መስመር።
ከቧንቧ እንዳትቀዳ!"
የድሬን ቧንቧ ለኔ? ማንቆርቆሪያዬ የለበሰው ኖራ
ከማንቆርቆሪያው ይከብዳል።

አንድ ማታ ጠየቅኋት፦ ጨውን ከመውለድ ምን አገናኘው?
በእስክሪብቶዋ ዐይኗን አሳየችኝ። "እዚህ ነው የሚገኘው።
የሸርጣን ዐይን በዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ውስጥ ሆርሞን አለ፣
'ገና ነው፣ ቆዪ' እያለ
የእንቁላል ዕጢዋን የሚይዝ።
ውሃው ሲስማማት ዝም ይላል፤ ሲከፋ፣ ሲያዝዝ ያድራል፣ ሲያዝዝ።
ጉልበቷም ከጨው ጋር ስትታገል ያልቃል፤ ለልጅ አይተርፍም።"

እኔም በድርቁ ዓመት ያየሁት ትዝ አለኝ።
ጉድጓዱ ጨው ጨው ሲል፣ ግመሎቻችን መከኑ።
ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ግመሎቹ መከሩ።
ሴቶቹም መክነው ነበር።
ስለ እነሱ ማንም አልመከረም።

በሦስተኛው ገንዳ አንዷ፣ ቀኝ መቆንጠጫዋ የወለቀ፣
ሆዷ ሥር እንቁላል ያዘች፤ ብርቱካን የመሰለ፣ የታጨቀ።
ዐረፋ ደረሰ። ሦስት ቀን አይሻ ሄድኩ፣
ቁልፉን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ።
እሱም ቁልፉን ጠበቀ።

ስመለስ ውሃው ከቀዩ መስመር አራት ጣት ወርዶ፣
የገንዳው ጠርዝ ነጭ ሆኖ።
እሷ ባላት በአንዱ መቆንጠጫ
እንቁላሏን እያረገፈች ትበላ ነበር።

መሬት መሬት እያየሁ ለምንታምር ነገርኳት።
ትጮኻለች ብዬ ነበር።
መለኪያዋን ነከረች። "አርባ ሦስት" አለች።
ብዙ ቆየች።
ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች።
"ይሄም ውጤት ነው፣ ሮብሌ።"

ውጤት።
ያን ቃል ይዤ ደቻቱ ወረድኩ፤ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ፣
ወንዝ የሚባል፣ ውሃ የሌለው አሸዋ ላይ፣
የመጋላ አዛን እስኪሰማ።

ዛሬም ገንዳው ዳር ነኝ። በጣሳ፣ ቀስ እያልኩ፣ እስከ ቀዩ መስመር።
ዐይኖቿን በዘንጋቸው አቁማ ታየኛለች።
ውስጣቸው ያለው ምን እንደሚላት አልሰማም።
ውሃውን ሳፈስ ግን
ስሜን እነግራታለሁ።