አፍ የሌለው ቅርጫት

ሂርማታ ገበያ፣ ባንዲት ሸራ ጥላ ጎን ለጎን ሰፍረን፣
እሱ ቅርጫት ታትቶ፣ እኔ ሳፋ ሸጬ፣ አሥር ዓመት ኖርን።
የዶሮ፣ የከሰል፣ የሽንኩርት ቅርጫት ይገዙት የነበሩ
እግራቸውን ወደኔ፣ ወደ ቀይ ሳፋዬ፣ ቀስ በቀስ አዞሩ።
ተማም አልተጣላኝም። ምሳውን ያካፍለኛል።
ደግ ሰው ሲያጎርስህ እንዴት እህል ያንቃል!

አንድ ቀን ሪሃና፣ የመጨረሻ ልጁ፣ ስልኳን ይዛ መጣች፤
«አባ፣ የጃፓን ሰው የሠራው ቀርከሃ!» ብላ አሳየች።
እኔም አንገቴን አሰገግኩ። ማዕበል የሚመስል፣
ሊወድቅ ሲል የቀረ፣ የተጠቀለለ ዕባብ እንቅልፍ የሚያህል፤
ውስጡ ምንም የለም። ዋጋውን ነገረችን፤
ሸቀጡን፣ ሸራውን፣ እኛንም ጨምሮ ሦስቴ የሚገዛን።

«ምን ይያዝበታል?»
«ምንም።»
«እንዴት ምንም?»
«በቃ፣ ይታያል፣ አባ።»
ሳቀ። ስቆም ዝም አለ፣
ጥርሱ መሃል የያዛት ስንጣሪ ሳትወድቅ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ፣ ጂሬን መብራቱን ሲያበራ፣
ቢላውን ሲስል አየሁት፣ ቀርከሃውን በዕድሜ ሲጠራ፦
«ይቺ ገና ጥጃ ናት፤ ይሄ ሦስት ዓመቱ፤
ይሄኛው አርጅቷል፣ ሲታጠፍ ይሰማል ቁርጥማቱ።»
ከሁለት ጣት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ክር አቀጠነው፤
አውራ ጣቱ ሲሰነጠቅ ጨው ውሃ ውስጥ ነከረው።
የስልኬን ባትሪ ያዝኩለት፣ ለሳፋዬ ካሳ።
መጀመሪያ ቀፎ መሰለኝ። ቀጥሎ የቦዬ ዓሣ
ማጥመጃ። በኋላ ስም አጣሁለት፤ ዞሮ ዞሮ
አፉ ወደ ሆዱ ገባ፣ እንዳልተነገረ እሮሮ።

ቅዳሜ አወጣው። ሰው ከበበ።
«የዶሮ ነው?» «አይደለም።» «የሬሳ?» «አስተግፊሩላህ!»
ደንብ አስከባሪው ደረሰ፦ «ምንድን ነው ያለበት?»
ተማም፦ «ንፋስ ነው፣ ጌታዬ። ከፈለግህ ቅረጥበት።»
ከሰቃ የመጣች ሴት ብቻ፣ መሸጧን ረስታ፣
ዞራ ዞራ አየችው፣ ቅቤዋን ለፀሐይ ሰጥታ።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ፣ ያ የጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ።
ሰው ሁሉ ተበተነ፤ እኔ ዕቃዬን ስጠብቅ
ሳፋዎቼ፣ ቀዩም ነጩም፣ በየመጠናቸው
ውሃ ይዘው ተቀመጡ፤ ጢም አሉ እያየኋቸው።
የሱ ግን ምንም አልያዘም። ዝናቡ በላዩ ገብቶ
በጎኑ ወጣ፣ በየመጠላለፊያው አንዳንድ ጠብታ ትቶ።

ተማም ቂጣውን ገምሶ ግማሹን ዘረጋልኝ።
ጎረስኩ።
ሳፋዎቹን ልደፋ ስነሣ፣ «ተዋቸው» አለኝ።