ጀርባውን የሰጠው ምስክር

ኬልታው ደሴት ስደርስ፣ ዝናቡ ከጎን ይመጣል፤
ባለጀልባው ዶን ኤራስሞ ፊቴን አይቶ ይስቃል።
«ለዚያ ነገር ነው የመጣኸው? ልጆቹ ላዩት ሰማይ?
ወደባችን ሲሰበር፣ ሐኪም ስንለምን፣ መንግሥት እንዲህ ይፈጥናል ወይ?»
መልስ አልነበረኝም። ቦርሳዬን ከዝናብ ሸሸግሁ፤
አሥራ አምስት ቅጽ ነው ያለው፣ መንገዱን ሙሉ ቆጠርሁ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሳንቃው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣
መሐል ምድጃ ይጨሳል፣ እርጥብ ካልሲ ዙሪያውን ከቦ።
መምህርቷ ኦሪያና ማንሲያ ብልህ ናት፤ ገና ያኔ፣ በዕለቱ፣
ለያይታ አስቀምጣ አስላቸዋለች፣ ልክ እንደ ፈተና ሰዓቱ።
አሥራ አራት ወረቀት ሰጠችኝ።
አንዱ ላይ የድስት ክዳን፣ አንዱ ላይ የተደፋ ጀልባ መስሎ፤
ሚያራይ ቢጫ ቀለም አልቆባት መሐሉን ትታዋለች፣
«እዚህ ጋ ይበራል» የሚል ጽሑፍ ባዶው ላይ ውሎ።

ጠየቅኋቸው፣ እንደ ሥርዓቱ።
ክንድህን ዘርጋ፤ አውራ ጣትህን አቁም፤ ከጣትህ ይበልጣል? ያንሳል?
ድምፅ ነበረው? «እንደ ፍሪጅ» አለ ራሚሮ።
«ውሸት! ዝም ብሏል» አለች ታናሽ እህቱ፣ «ዝምታው ግን ይሰማል።»
መጨረሻ ወዴት ዞረ? «ወደ እኛ።»
«እኛ» የሚል አቅጣጫ ኮምፓስ ላይ የለም፤
ጻፍሁ፦ ደቡብ ምሥራቅ፣ በግምት።
ቅጽ በግምት አይቀየምም።

አሥራ አምስተኛው ኋላ ገባ። ኤሊሴር ዌንቹር፣ ስምንት ዓመቱ፤
ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ የሳልሞን እርባታ ሠራተኛ ነው አባቱ።
ሥዕል አልሣለም።
«አላየሁም» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይሰብር።
«ጫማዬን እያሰርሁ ነበር፣ አጥሩ ሥር፣ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ።»
«ታዲያ ለምን መጣህ?» አልሁት፣ ብዕሬን ኪሴ ከትቼ።

«እነሱን አየኋቸዋ!
ኳሱን ማንም አልመታው፤ ቁልቁል ተንከባሎ ባሕር ገባ።
ቀና ስል ሁሉም አንድ ፊት ሆነዋል።
ራሚሮ እንኳ፣ ሁልጊዜ የሚደበድበኝ፣
አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሕፃን መሰለኝ።
ጥርሳቸው፣ ግንባራቸው፣ የኒዲያ መነጽር፣ ሁሉም ብርቱካን ሆነ፤
የኔ ጥላ ከእግሬ ሥር ወጥቶ
ወደ እነሱ ሄደ፤ ረዘመ፤ ቀጠነ።»

«ለምን አልዞርህም?»
ዝም አለ ጥቂት። ምድጃው ውስጥ እንጨት ተንጣጣ።
«ብዞር፣ እነሱን ማን ያያል?» የሚል ቃል ካፉ ወጣ።

ቅጹን አገላበጥሁት፣ ፊቱንም ጀርባውንም፤
ለርዝመት፣ ለፍጥነት፣ ለደመና ሳጥን አለው፤
ለፊት ግን የለውም።
«ሌላ» የሚል መስመር አገኘሁ፣ ከፊርማው በላይ፣ ጠባብ፤
«ምስክሩ ነገሩን አላየም» ብዬ ጻፍሁበት፤
ጻፍሁና መስኮቱን አየሁ፤ አሁንም ዝናብ።

ሳንቲያጎ ስመለስ ደብዳቤዎች ተጻጻፍን።
ራዳሩ ያን ቀን ጥገና ላይ ነበር።
ባሕር ኃይል፣ «ምናልባት የአደጋ ርችት» አለ፤
ርችቱን የሚተኩስ መርከብ ግን በዚያ አላለፈም ነበር።
አለቃዬ ሥዕሎቹን እንደ ካርታ ጨዋታ በውዞ፣
«ልጆች ናቸው» አለኝ፤
ማኅተሙን እፍ ብሎበት፣ በወረቀቱ ላይ ተክዞ፣
«በቂ መረጃ የለም» የሚለውን መታ።
መዝገቡ ከመሳቢያ ገባ። እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ ይኸው ነው ባጭሩ።

ሪፖርቱ ውስጥ ያላስገባሁት ግን አለ፦
ጀልባዋ ስትነሣ ዝናቡ አባርቶ ነበር።
ልጆቹ በተሰበረው ወደብ ላይ ተኮልኩለው
እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፣ መምህርታቸውም ጭምር።
ኤሊሴር ብቻ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤
እኔን ትቶ እነሱን ያያል፤
እየራቅሁ፣ እያነስሁ፣ ውሃው ላይ ነጥብ ስሆን
ፊታቸው ላይ ምን እንደሚበራ፣ ምን እንደሚከስም።
ልጠራው አፌን ከፈትሁ።
ዶን ኤራስሞ ሞተሩን አስጮኸው፤
አልሰማኝም።