አስራ ዘጠነኛው መስመር

ወንበሮቹ ሳይደርሱ፣ ሹርጣው መንገድ ሳይዘጋ፣
ባልዲዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ሌሊቱ ገና ሳይነጋ።
የራስ ሙር ባሕር ጨው ይተፋል፣ ጨው ይበላል ድንጋዩን፤
እኔም በጨርቄ ተከትዬ እጠርጋለሁ ፊደሉን፣
በዓመት አንድ ቀን እንዲያበራ፣ ቆሞ ለሚያየው ሚኒስትሩ።
ሠላሳ አንድ ስም ነው፣ ወርቅ ተቀብቶ በየመስመሩ።

አስራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እጄ ይዘገያል።
«ዘይነብ ሁሴን፣ ሃያ ስድስት ዓመት» ይላል።
ውሸት ነው።
ስሙን የሰጣት ደላላ ነው፣ ዕድሜውንም እሱ ጨመረ፤
ፓስፖርቷ ላይ የዋሸው ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቆፈረ።
አስራ ዘጠኝ ነበረች፣ ልክ እንደ መስመሯ ቁጥር፤
የመርሳ ልጅ፣ ሳቋ ቀድሟት የሚዘል አጥር።

ያን ሐሙስ መዳሟ፣ እንግዳ ስላለባት፣
«ዓይኑ የጠራ ሐሙር ግዢ» ብላ ላከቻት።
ከዓሣ ተራው የቀረው በረዶ ብቻ ነበር፣
እስከ እኩለ ሌሊት ቀልጦ በቦዩ ሲንቆረቆር።

ስለዚያች ሌሊት ልመስክር፤ ሐሰት አልናገርም፤
ከተማው ደግ ነበር፤ ይህን አልክድም።
ደም ለመስጠት የወጣው ሰው ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ
እስከ ነዳጅ ማደያው ደረሰ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሮ፤
ባለ ነጭ ዲሽዳሻው ጌታ ከኬራላው ግንበኛ ኋላ፣
ሱዳኑ ሹፌር ቴምር ሲያድል፣ ሁሉም ከአንድ ሣህን ሲበላ።
ክንዴን ዘረጋሁ። ነርሷ «ኢቃማ» አላለችኝም፤
የደሜን ዓይነት ነው እንጂ ስሜን አልጠየቀችኝም።

ይህ ሦስት ቀን ቆየ።
በአራተኛው መንግሥት ነቃ፤ ሲነቃም ተቆጥቶ፣
ካሜራ ሰቅሎ፣ አዋጅ ጽፎ፣ በየጥጉ ኬላ አብዝቶ።
«ጠላት በመካከላችን ነው» አለ ሬዲዮው ደጋግሞ፤
ትናንት «ግቢ» ይለኝ የነበረው ባለሱቅ በሩን ያዘ ቆሞ።
ባለታክሲው «ከየት ነሽ?» አለ፤ ነገርኩት፤ በሩን ቆለፈ።
አስራ አንድ ሆነን የምንተኛበት ክፍል በአንድ ሌሊት ታጠፈ፤
ሰባቱን መስኮቱ ቀለም በተቀባ አውቶቡስ ጫኑ፤
ፍተሻው ያገኘው ምስር ነበር፣ እሱንም በተኑ።
እኔን «እጅሽን!» አሉኝ። ያንኑ ክንድ ዘረጋሁ፤
የመርፌው ቁስል ሳይሽር፣ አስር ጣቴ ጠቁሮ ወጣሁ።

ዛሬ ደሞ ጨርቅ ይዟል። አንድ እጅ፣ ሦስት ጊዜ ተፈላጊ፤
ደም ሲጎድል ሰጪ፣ ቁጣ ሲበዛ ተጠርጣሪ፣ ሲረሳ ጠራጊ።
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አውቃለሁ።
ግን ልጡ እኔ ነኝ። ልጥስ ምን ይላል? እያልኩ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ሕዝቡ ከአደባባዩ ተርፎ ፈሰሰ፤
በአምስተኛው ድንኳን በቃው፤ በአስራ አንደኛው ይኸው አነሰ።
ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ማስቲካ እያኘኩ፣
አንድ ደቂቃ ዝም ይላሉ፣ በኪሳቸው ስልክ እየነካኩ።

ጎህ ሳይቀድ የምትመጣ ከእኔ ሌላ አንዲት ሴት አለች፤
ኡም ጃሲም፣ ዓሣ ሻጯ። ወንበር ሳይዘረጋ ትሄዳለች።
ሰባተኛው መስመር ልጇ ነው። በመዳፏ ትነካዋለች፣
የሕፃን ትኩሳት እንደምትለካ።
ዘንድሮ ባልዲዬ አጠገብ ቁጢጥ አለች፣
ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ሰባተኛውን ራሷ ጠረገች፣
ከዚያ በሻከረ ድምጿ
ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀች፤
«ያንቺስ የቷ ናት?»

አሳየኋት። «ዘይነብ» አለች፣ አንብባ።
«አይደለም» አልኩ። «የኔነሽ።»
«ያናናሽ?» ምላሷ ተሰናከለ፤ ደገመችው። «ምን ማለት ነው?»
በዓረብኛ ፈታሁላት።

ደላላው አላላትም፣ ካፊሉም አላላትም፤
ድንጋዩ እንኳ በወርቅ ጽፎ አላላትም።
ዓሣ ሻጯ አለቻት፣ በተሰበረ አማርኛ፣
እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፤
የኔ ነሽ።

ሳይረኑ ተሰማ። ሹርጣው «ይበቃል፣ ዞር በሉ» አለ።
ባልዲውን በአንድ ጆሮው እሷ፣ በአንድ ጆሮው እኔ ይዘን ሄድን፤
ውሃው በየእርምጃው ይፈስሳል፣
ከኋላችን ወንበር ይጎተታል።