መጣፍ

ነሐሴ ነው፤ ላይፕዚግ በላብ ተነክራለች፤
ሮስቪታ፣ ከላይ ቤት፣ በሬን ታንኳኳለች።
«ሄር ይርዳው» ትላለች፣ «ማሽኔ ታመመ፤
ወደ ኋላ ስልሳ ቆጥሮ ቆጥሮ ጨለመ፤
ደግሞ ተነሣና ደግሞ ስልሳ ቆጥሮ
ደግሞ ሞተ» አለችኝ፣ ፊቷ ተቀይሮ።

ትራም ጋራዥ ሽቦ ስጠግን መዋሉ
ሐኪም አስመስሎኛል በደረጃው ሁሉ፤
ወጣሁ።

ክፍሏ ሙጫ ሙጫ፣ ቆዳ ቆዳ ይላል፤
አርባ ዓመት ሙሉ መጣፍ ተጠርዞበታል፤
ብል የቀመሰው ገጽ፣ ትል የበሳው ጀርባ
ድኖ ይወጣ ነበር እጇ ላይ ሲገባ።
አሁን ጡረታ ናት፤ በሁለት ጣት እየለቀመች
የጠረዘችውን ሁሉ ትመዘግባለች፦
ርእሱን፣ ባለቤቱን፣ የቆዳውን ቀለም፤
ሺ አንድ መቶ አርባ፣ አንድም የቀረ የለም።

ሃምሳ ዘጠኝ። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ሰባት።
ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ አቧራ፣ ሽቦ፣ ድመት፤
አርባ ሁለት። አርባ አንድ። ኬብሉን መዘዝሁት።

ጠፋ። ተነሣ። ዳግመኛ ግን አልቆጠረም።
«ምንድነው?» አለች። «ትል» አልኳት። አልገረማትም፤
«ይኼኛው» አልሁ፣ «ክፈቱኝ አይልም፣ ደብዳቤም አይዝ፤
ያልተደፈነ ቀዳዳ ፍለጋ ነው የሚጓዝ።»

ማታ ከጋራዡ፣ ከጤነኛ ማሽን፣
ማጽጃ መድኃኒት በሲዲ ይዤ መጣሁ፤
ሌሊቱን ከመስመር አስጾሜ አሳድሬ
ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ኮሶ፣ ማሽኑን አጠጣሁ።
ወጣ፤ ከነራሱ ወጣ። ኬብሉን መለስሁ፤
እጄን በኩራት ጠርጌ ወንበሯ ላይ ተቀመጥሁ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም።
ሃምሳ ዘጠኝ። ሃምሳ ስምንት።

ትሉን አውጥቼ ቀዳዳውን ረስቻለሁ።
ግን ከየት መጣ፣ በዚህ ፍጥነት?
ኬብሉን በዓይኔ ተከተልሁት፦
በመስኮቱ ይወጣል፣ በግድግዳው ይወርዳል፣
አንድ ፎቅ፤
ወደ እኔ ክፍል ይገባል።
ለቁጠባ ብለን ነበር፣ በአንድ መስመር ሁለት ቤት።

የኔዋ ግን አንድ ቀን ቆጥራ፣ አንድ ቀን ጠፍታ አታውቅ፤
ትንሽ ትዘገያለች፣ ትግላለች፤ በነሐሴ ማን አይሞቅ?
በከፈትኋት ቁጥር፣ ደህና ነኝ ትል ነበር።
ደህና ነኝ።
ትል ነበር።

የደነገጠ እጅ ይፈጥናል እንጂ አያይም፤
የሷን ዲስክ አጠብሁት፣ ምን አለበት ሳልል፤
አዲስ ሥርዓት ተከልሁ፣ እራፊውን ለጠፍሁ፣ ኬላ አቆምሁ፣
የይለፍ ቃሏን ሁሉ ለወጥሁ፤
ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ።
ሺ አንድ መቶ አርባ መጣፍ፣ ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ጨው።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ነገርኳት፦
ትሉ ከኔ ቤት እንደ ወጣ፣ ዝርዝሯም እንደሌለ።
ምን ብል ይሻል ነበር?
ብሉ እኔው ነኝ።

ዝም አለች። ገባች። አራት የጫማ ካርቶን
አንድ በአንድ አውጥታ እግሬ ሥር ደረደረች፤
ካርድ፣ ካርድ፣ ካርድ፣ በእርሳስ የተጣፈ።
«ታዲያ ከምን ላይ የምገለብጥ መሰለህ?» አለች።
ሣቋም ሙጫ ሙጫ ይላል።
«ብል የገባበት ሲመጣልን ለብቻ እናስቀምጠዋለን፤
ከዚያ፣ ያመጣውን ሰው ሳንቆጣ፣
የገዛ መደርደሪያችንን እናያለን።»

ጥቅምት ገባ። ካርድ ሦስት መቶ ስድስት ደርሳለች።
እሑድ እሑድ የጣፈችውን
በትርፍ ዲስክ ገልብጬ፣ ነቅዬ፣
ካርቶኑ ውስጥ፣ ከእርሳሱ ጎን አስተኛዋለሁ።
በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ እራፊ በሚወጣበት፣
ጣሪያዬን በከዘራዋ ሁለቴ ትመታለች፤
ባስተማርኋት በአንዲት የአማርኛ ቃል
«ጣፍህ?» ትለኛለች።

ጣፍሁ፣ እላለሁ።
ሁለቱንም።