ቀማሽ

ዝናቡ ሲመታ የክፍሉን ቆርቆሮ፣
አልጋ ዘጠኝ ላይ ነው፣ ሳል እንቅልፉን ሰብሮ፣
አይችሉህም ደሴ፣ ከቢቸና የመጣው፣
አርባ ዓመት ሙሉ ዱቄት ሳንባውን የጠጣው።

የደብረ ማርቆስ ሌሊት፣ እኔ ተረኛ ነርስ፤
ቁልፉን በእጄ ይዤ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ
ሁለት ሊትር ሰጠሁ። ሁለት ብቻ። በቃ።
ልጁ አንጓች ገባች፣ ከመናኸሪያ በእግሯ፣ ጫማዋ ሙሉ ጭቃ፤

«ምነው ትሰስታለህ፣ አየር እንደ ገንዘብ?
ሲሊንደሩ ሞልቶ አባቴ ለምን ይራብ?
ክፈተው እስከ ዳር!»

ቀን ተከፍቶ ነበር።
ፊቱ ወዝ አወጣ፣ ሁሉም እሰይ አለ፤
ትንፋሹ ግን ራቀ፣ አንዱን እየዘለለ፣
እንቅልፍ የሚመስል ጉም ዓይኑ ላይ ዋለ።

ቃል ፈለግሁላት።
«ዱቄቱ ሲወርድ፣ በሁለት ጣት አሽቶ፣
ላመ፣ አልላመም የሚል፣ ዓይኑ ዱቄት ሞልቶ፣
አባትሽ አልነበር?»
«ነበር» አለች፣ «ነበር፤
ጣቱ ብቻ ያውቃል የድንጋዩን ነገር።»

«እንግዲያው በአንገቱ፣ ደም መንታ ሲለይ፣
አንዱ ወደ ፊቱ፣ አንዱ ለአንጎል ከላይ፣
ምስር የምታህል ቀማሽ አለች፣ ነቅታ፣
የሚያልፈውን የምትለይ ጠብታ በጠብታ።
አየር ያነሰ እንደሁ ወደ አንጎል ትጮኻለች፣
ደረት ታነሳለች፣ የደም ሥር ታጠብቃለች፣
ልብን ትቀሰቅሳለች።

ሌላም ዘበኛ አለ፣ ከአንጎል ግርጌ የሚያድር፣
የተቃጠለ አየር ሲከማች የሚናገር፤
እሱ ግን ስንት ዓመት ያንኑ እየለመደ
ፈዞ፣ ደንዝዞ፣ ከሥራ ወረደ።
እሷ ብቻ ቀረች። ካጠገብናት ትተኛለች።
እሷ ደግሞ ከተኛች...»
አልጨረስኩትም።

አንጓች ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ
ጣቷን አሳረፈች ከመንጋጋው ኋላ፤
«ይቺ ናት?» አለችኝ።
«አይ፣ የሚመታው ደም ነው፤ እሷስ በጣት አትገኝ።»

ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ አባርቶ
ሽማግሌው ነቃ፣ ዝምታውን ሰምቶ፤
«ወፍጮው ቆመ እንዴ?»
«አልቆመም አባዬ፣ ይፈጫል፤ በትንሹ፣ በዘዴ።»

ሰዓቴን አይቼ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤
ሃያ ሁለት ብዬ ቻርቱ ላይ ጻፍኩ።